ከተቀባው ሰማይ ሥር

መምህር ሙሉብርሃን የተገኘው ጠዋት፣ በኮሌጁ አዳራሽ መድረክ ላይ፣ ከመሰላል ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ነው። ነፍሱ ከወጣች ቆይታለች። ከራስጌው ለትያትሩ የተዘጋጀው ትልቅ የመጋረጃ ሥዕል ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፤ የቦሰት ተራራ፣ የአዋሽ ወንዝ፣ ከላያቸውም ሰፊ ሰማያዊ ሰማይ። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ግን የሆነውን አልሰማም፤ «የሥነ ሰብና የኪነ ጥበብ ሳምንት ሰኞ ይከፈታል» እንዳለ ነው። የታሪክ ንግግር፣ የግጥም ምሽት፣ የሥዕል ዐውደ ርእይ፣ መዝጊያውም የመምህር ሙሉብርሃን ትያትር።

መቶ አለቃ አሰለፈች ከናዝሬት ፖሊስ ጣቢያ በጋሪ መጣች። ብዙ የማትናገር ሴት ናት፤ ዓይኗ አንድ ነገር ላይ ካረፈ ግን ቶሎ አይነሳም።

«መብራት ሊያስተካክል ወጥቶ ወደቀ» አላት የኮሌጁ ካድሬ ቀነዓ፣ ገና ሳትጠይቀው። «ጓድ መቶ አለቃ፣ ቶሎ ቢያልቅልን ደስ ይለናል። ሰኞ ከክፍለ ሀገር እንግዶች አሉብን።»

አሰለፈች ቁጢጥ ብላ የሟቹን ጫማ አየች። ሶሉ ደርቆ በተጋገረ ጭቃ ተለብጧል። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ያልታሰበ ዝናብ ከተማዋን ደብድቧት ነበር። ተነሥታ የመሰላሉን መርገጫዎች አንድ በአንድ በመዳፏ ዳሰሰች። አቧራ እንጂ ቅንጣት ጭቃ የለባቸውም።

«ይህ ሰው መሰላሉን አልረገጠም» አለች።

 ሬሳውን የመረመረው ሐኪምም በኋላ የነገራት ነገር ከበዳት፤ ማጅራቱን ብረት መትቶታል፣ ወዲያው ግን አልሞተም። ሰው ቢደርስለት ይተርፍ ነበር።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ቀነዓን ነው።

«ከመምህሩ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«በትያትሩ አይደለም! ትያትሩ የጣልያን ዘመን ነው፤ ጆንያ አጥልቆ ጓደኛውን ለፋሺስት የጠቆመ የባንዳ ታሪክ። እኔው ራሴ ፈቅጃለሁ። ባንዳውን የሚጫወተው ልጅ ወባ ጣለውና፣ አንተ ተጫወትልኝ አለኝ። ካድሬ ጆንያ አጥልቆ መድረክ ይወጣል? ተቆጣሁት።»

በትያትሩ የእናትየዋን ቦታ የምትጫወተው ተማሪ ሎሚ ደግሞ ዓይኗ አብጦ መጣች።

«ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ትላንት ውይይት ክበብ አብረን ነበርን። ዝናቡ ሲያባራ መምህሩ ጆንያውን በብብቱ ይዞ ተነሣ። "ሁለት ሰው እምቢ አለኝ፤ አንድ ቀርቶኛል፣ እሱ አያሳፍረኝም" ብሎኝ ወጣ።»

«ጓድ ቀነዓስ?»

«እሱማ እስኪመሽ ሲያስተምረን ነበር። ማንም ንቅንቅ አላለም።»

መጋረጃውን የሳለው መምህር ዘገዬ ነው፤ የሟቹ የልብ ጓደኛ። ከአዳራሹ ደጃፍ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። ልቅሶው የውሸት እንዳልሆነ አሰለፈች አየች።

«መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ትላንት አላየሁትም። ሰማዩን ጨርሼ የወጣሁት ዝናቡ ሳይጀምር ነው። ቤቴ ደጃፍ ስደርስ ጣለ።»

«ከዚያ ወዲህ ሥዕሉን የነካ ይኖራል?»

«ብሩሼንም ቀለሜንም ከእኔ በቀር ማንም አይነካም።»

አሰለፈች ወደ መድረኩ ተመለሰች። የትያትሩ ዕቃ ሁሉ በቦታው አለ፤ ጆንያው ብቻ የለም። ፈልጋ ፈልጋ ከመድረኩ ጀርባ ሰማያዊ ቀለም ባለበት ባልዲ ውስጥ ተጠቅጥቆ አገኘችው። ሁለቱ የዓይን ቀዳዳዎች ተቀዳደው አንድ ሆነዋል። ቀለም ከሚንጠባጠበው ጨርቅ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመች። ጆንያ ይህን ያህል የሚያስፈራው ማንን ነው?

መልሱን ለቅሶ ቤት አገኘችው። የሟቹ እናት እማማ እናትነሽ ፍራሽ ላይ ተኮራምተው ተቀምጠዋል።

«ታናሹም እንዲህ ነው የሄደብኝ፣ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አለማየሁ። በሰባ ዓመተ ምሕረት። ወጣቱን ሁሉ ቀበሌ አሰለፉና፣ ጆንያ ያጠለቀ ሰው በጣቱ ጠቆመው። አስከሬኑን አልሰጡኝም። አታልቅሺም ተባልሁ። ሙሉዬ ይህን ትያትር የጻፈው ለኔ ነው። "እማዬ፣ በጣልያን ስም ታለቅሺያለሽ" አለኝ።»

«የጠቆመው ማን እንደሆነ ታውቋል?»

«ማን ይነግረናል? ሙሉዬም ያንን ሰው መፈለግ ከተወ ቆየ።»

«መምህር ዘገዬስ?»

«ዘገዬማ ሦስተኛ ልጄ ነው። አለማየሁ ከሄደ ወዲህ በዓል አንድም ቀርቶብኝ አያውቅም፤ ይመጣል፣ ከእግሬ ሥር ይቀመጣል።»

ከቀብር መልስ አሰለፈች አራቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እማማ እናትነሽ በወንበር፣ ሎሚ አጠገባቸው፣ ቀነዓ እጁን አጣምሮ፣ ዘገዬ ከግድግዳው ተጠግቶ።

«መምህሩ ከመሰላል አልወደቀም» ብላ ጀመረች። «ጫማው ጭቃ ነው፣ መሰላሉ ንጹሕ ነው። መሰላሉን ያቆመው ሌላ ሰው ነው። ጭቃው ሌላም ይነግረናል፤ መምህሩ እዚህ የገባው ከዝናቡ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጓድ ቀነዓና ሎሚ ክበብ ውስጥ ነበሩ፤ ሁሉም አይቷቸዋል።»

ወደ መጋረጃው ሄዳ ተንበረከከች። በምላጭ የሰማዩን ቀለም ከአንድ ቦታ ፋቀች። ከሰማያዊው ሥር የደረቀ ጥቁር ቡናማ ነገር ወጣ። ፋቀች፣ ሰፋ።

«ደም ነው» አለች። «ከቀለሙ በላይ ቢሆን ኖሮ፣ ሥዕሉ አልቆ ሳለ ፈሰሰ እንል ነበር። ግን ከቀለሙ በታች ነው። ሰማዩ የተቀባው መምህሩ ከተመታ በኋላ፣ ከዝናቡም በኋላ ነው። መምህር ዘገዬ፣ ከዝናቡ በፊት ወጣሁ ብለውኛል። ቀለሜን ማንም አይነካም ያሉኝም እርስዎ ነዎት።»

 አሰለፈች ጆንያውን አውጥታ ወለሉ ላይ ስትዘረጋው ዘገዬ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠ።

«ወፌ ላላ ሰቅለው ገርፈውኝ ነበር» አለ መሬቱን እያየ። «ስም አምጣ አሉኝ። ጆንያ አጠለቁልኝ። ከሰልፉ ውስጥ የማውቀው ፊት የአለማየሁን ብቻ ነበር... ጣቴ ሄደ። ከዚያ ሙሉብርሃን ይህን ትያትር ጻፈ። በየልምምዱ እየሰማሁ ዐወቀብኝ ይሆን እላለሁ። የዚያን ዕለት መጣና ጆንያውን ዘረጋልኝ። "የቀረኸኝ አንተ ነህ፤ አጥልቀው" አለኝ። ይሥቅ ነበር። ዐውቋል አልሁ። ገፋሁት። የመብራቱ ማቆሚያ ብረት ላይ ወደቀ።»

«ይተነፍስ ነበር» አለች አሰለፈች።

«ይተነፍስ ነበር።»

«እርስዎም ሰማይ ይቀቡ ነበር።»

 ሎሚ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አያውቅም ነበር፣ መምህር» አለች አሰለፈች ድምፅዋን ሳትጨምር። «ጓድ ቀነዓን ለምኖ እምቢ አሉት። ሌላም ሰው ለምኖ እምቢ አለው። አንተ ነህ የቀረኸኝ ያለዎት ጓደኛዬ አያሳፍረኝም ብሎ ነው። ሌላ ምንም አያውቅም ነበር።»

ዘገዬ ከዚህ በኋላ ያወጣው ድምፅ ሰዎቹን እስከ ቤታቸው ድረስ ተከተላቸው። በእንብርክኩ ወደ እማማ እናትነሽ ሄደ፤ እግራቸውን ግን ለመንካት አልደፈረም። አሮጊቷ አናቱን ቁልቁል አዩት።

«አለማየሁ አይቶሃል?» አሉት።

«አላየኝም፣ እማዬ። ፊቴ ተሸፍኖ ነበር።»

«እንኳን አላየህ» አሉ። «አንተን ሳያይ ሞተልኝ።»

ዘገዬን ወሰዱት። ቀነዓ አሰለፈችን ወደ ጥግ ጠራት። «ጓድ መቶ አለቃ፣ ያ የአለማየሁ ነገር መዝገብ ውስጥ አይገባም። ነጻ እርምጃ የተወሰደበት ሰው ነው። ጠብ ነበር ይበሉ።»

አሰለፈች መለሰች፤ «እሺ።» ቃሉ ከአፏ ሲወጣ መረራት።

እማማ እናትነሽ ሰምተው ኖሮ በሎሚ ትከሻ ተደግፈው ተነሡ።

«ግድ የለም፣ ልጄ» አሏት። «መዝገቡ ያንዱ ይሁን። ድንኳኑም ያንዱ ነው ይበሉ፤ የተፈቀደልኝ የሙሉዬ ነው። እኔ ግን ሁለቱንም አለቅሳለሁ። ማን ቆጥሮ ይደርስብኛል?»

ከአዳራሹ ወጡ። ከድንኳኑ ሲደርሱ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ደረታቸውንም እየመቱ አልቃሾቹ መካከል ገቡ። ሰው ሁሉ «ሙሉብርሃን!» ሲል፣ አሰለፈች ከደጃፉ ቆማ የእናትየዋን ከንፈር አየች። በሙሉብርሃን ስም መካከል ሌላ ስም ነበር፤ በጩኸቱ ውስጥ ማንም አልሰማውም።