በራዲዮ የተናገረው ማን ነበር?

«ልጄ ደመናው ውስጥ ሲገባ ማን እያየው ነበር?»

እማማ ጤናዬ አስከሬኑ ጀሞ ቤታቸው ከገባ ጀምሮ ያገኙትን ሁሉ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። የልጅ ልጃቸው አስረስ ዋና አብራሪ የነበረባት ትንሽ የጭነት አውሮፕላን ከአንድ የደቡብ ማረፊያ እንደተነሳች ተራራ ገጭታለች። ረዳት አብራሪው፣ ታናሽ ወንድሙ ኖላዊ፣ ክንዱ ተሰብሮ ተርፏል። ሁለቱንም ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

መርማሪዋ ለሊሴ ከማረፊያው ማማ በረራ የሚቆጣጠረውን ዱጉማን ይዛ መጣች፤ የሐዘን ፍራሹ ላይ ከጎናቸው ተቀመጠች።

«ማንም አላየውም፣ እማማ። እዚያ ራዳር የለም። ደመና ሲሆን አብራሪው በተወሰነለት መስመር ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከተራራው በላይ የሚያሳልፈው ከፍታ ላይ ሳይደርስ አይዞርም። ማማው የሚያውቀው በራዲዮ የሚነገረውን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ሰውዬ ቶሎ ዙር ብሎት ይሆናላ!» ብለው ዱጉማን ገላመጡት።

«በማርያም፣ እማማ! አላልኩም፤ የራዲዮው ቅጂ አለ።»

«ያዞረው አስረስ ነው» አለ ከፊታቸው የተቀመጠው ኖላዊ አቀርቅሮ። «ዝናቡ እንዳይቀድመን ቸኩሎ። እኔ ራዲዮ ላይ ነበርኩ።»

«አስረስ? በበጋ እንኳ ጃንጥላ ሳይዝ የማይወጣው ልጅ?»

ለሊሴ ስልኳን አወጣች። «እስቲ ይስሙልኝ። ዱጉማ የወንድማማቾቹ ድምፅ አይለይልኝም ብሏል።»

ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነበር፤ አንድም ቃል አልገባቸው። ተናጋሪው ግን ሊጀምር ሲል ሁለቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አስረስዬ! ዳዊት ሊደግም ሲል እንኳ እንዲህ ነበር እኮ!» እንባቸው ወረደ።

ለሊሴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይህ ድምፅ ብቻ ነው። አብራሪዎች ሥራ ይከፋፈላሉ፤ አንዱ መሪውን ከያዘ ራዲዮው የሌላው ነው። የተናገረው አስረስ ከሆነ መሪው በኖላዊ እጅ ነበር። የአስረስ የመጨረሻ ቃል ‹ከፍታው ላይ ገና አልደረስንም› የሚል ነው። ዱጉማ አላዘዘም፤ አስረስም አላዞረም። ዝናቡን ለመቅደም የቸኮለው ኖላዊ ነው።»

እማማ ጤናዬ በአፋቸው የሠሩት ሥራ ያኔ ገባቸው።

«ቆይ... ልሳሳት እችላለሁ እኮ። ጆሮዬ ደክሟል፣ ልጄ። ማን የእኔን ጆሮ ያምናል?» ጋቢያቸውን ዘርግተው ኖላዊን ሊያለብሱት ተንጠራሩ።

ኖላዊ ተነሳ። በሩ ጀርባ የተሰቀለውን የወንድሙን ጃንጥላ ለአፍታ አየው። ከዚያ በደህናው እጁ በሩን ከፍቶ፣ ጃንጥላውን እንደተሰቀለ ትቶ፣ ደጅ ወደሚወርደው ዝናብ ወጣ።