ያልደረቀው ፎቶ

ጂን ታየ፣ ሙት ተናገረ ሲባል ቀድሜ የምስቀው እኔ ነኝ፣ ክፍላችን ውስጥ ማንንም ብትጠይቁ ይነግራችኋል፣ ስለዚህ ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ እንዳይመስላችሁ።

ወንድሜ ዳዊት ብሔራዊ ውትድርና ሊሄድ ሲል ጋሽ መሐሪ ፎቶ ቤት ገብቶ «አትነቃነቅ» እየተባለ ተነሣ። ጋሽ መሐሪም ለሁሉም ሰው እንደሚለው «ሳምንት ቆይታችሁ ኑ» አለን፣ ሳምንቱ ሳይሞላ ግን ቤቱን ቆልፎ አሰብን ለቆ ሄደ፣ ለምን ብሎ የጠየቀም የለም። ይኸው ሁለት ዓመት። የዳዊት ደብዳቤ ከቀረ ዓመት አልፏል፣ ቤታችን ውስጥ አንድም ፎቶ የለውም፣ ባለፈው ሳምንት እማዬ ልብስ እያጠፈች «ፊቱ እየጠፋኝ ነው» አለችኝ። አላለቀሰችም። እኔም ሌላ ልብስ አቀበልኳት።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ፣ ሙቀቱ አሰብን በሙሉ በሚያስተኛበት ሰዓት፣ የጎረቤታችንን ልጅ ዘሃራን ይዤ በፎቶ ቤቱ ጓሮ ሄድኩ። መስኮቱን ገፋ ሳደርገው ተከፈተ።

«እኔ አልገባም» አለች ዘሃራ፣ «በዚህ ሰዓት ጂንም ይተኛል፣ ከቀሰቀስሽው የራስሽ ጉዳይ!»

«ከነቃ ቤትሽን አሳየዋለሁ» ብያት ዘልዬ ገባሁ።

ውስጡ አቧራ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ያ ሐይቅና ዛፍ የተሳለበት ጨርቅ አለ፣ ሚስማሩ ላይ ደግሞ ደንበኛ ሁሉ እየተዋሰ የሚነሣበት ጥቁር ኮት ተሰቅሏል፣ ዳዊትም ያደረገው እሱኑ ነበር። ነካሁት። ብብቱ ረጥቧል፣ እመኑኝ፣ በላብ። ያኔ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ሰማሁ። የቤቱ ውሃ ከተቆረጠ ቆይቷል፣ አሰብ ላይ ደግሞ የታጠበ ልብስ ሰቅላችሁ ዞር ሳትሉ ነው የሚደርቀው። ድምፁን ተከትዬ ጋሽ መሐሪ ፎቶ ያጥብበት የነበረውን ጨለማ ክፍል በር ከፈትኩ፣ በገባው ብርሃን ሽቦው ላይ አንድ ፎቶ በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ ሲያንጠባጥብ አየሁ። ዳዊት ነው።

መፍራት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ፣ ግን እግር ተቀምጠንበት ሲደነዝዝ እንደሚሆነው ሁለመናዬ ደነዘዘ፣ እንደቆምኩ ቀረሁ።

«ማነው እሱ?» ብላ ጮኸች ዘሃራ ከመስኮቱ።

«የቱ?»

«‹አትነቃነቂ› ያለሽ ሰውዬ ነዋ!»

እኔ ምንም አልሰማሁም። ግን አልተነቃነቅኩም ነበር።

ፎቶውን ይዤ ወጣሁ። እማዬ ከየት አመጣሽው እንኳ ሳትለኝ በሁለት እጇ ይዛ አየችው፣ አየችውና ሳቀች፣ «ፂም አወጣ እኮ ልጄ!» አለች። ሲሄድ አገጩ ላይ አንዲት ፀጉር አልነበረችም። ቅንድቡ ላይ ያለውንም ጠባሳ እኔ አላውቀውም፣ እሷ አላየችውም፣ ወይም እንዳላየች ሆናለች። ከዚያ ወዲህ እያንጎራጎረች ነው የምትሠራው፣ ፎቶው ግን እስካሁን አልደረቀም፣ በየጠዋቱ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች።

ፎቶ ቤቱ ከገባሁ ነገ ሳምንት ይሞላል። ዘሃራ የሰማችው እውነት ከሆነ፣ የእኔም ፎቶ ይኼኔ እዚያ ሽቦ ላይ ተሰቅሎ እያንጠባጠበ ነው። ሄጄ ባወርደውም ብቀርም አንድ ሆኖብኛል፣ የማስበው ይህን ብቻ ነው፤ ፊቴ ላይ ምን ተጨምሮ ይሆን?