የማይነሳው ነዳጅ መስጫ

ይህ የሆነው በእኔ ላይ ነው። ያላመነ አይመን።

በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ቦታው አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፉ፣ ዋናው መንገድ ላይ ነው። ሕልም ነው እንዳትሉኝ... ገበያተኛው በአጠገቤ ያልፍ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ዘንድሮ ነው። ቢሆንም ይህን ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈለግኩም።

ልጄ ፀደንያ ባረጀች ማኪና ከጎንደር ሰው ታመላልሳለች። ያን ቀን ግን ተሳፋሪ አልጫነችም። አዲ አርቃይ ያለችው እህቷ ይመኙሽ ምጥ ይዟታል ተብሎ ተደውሎልን፣ እኔና እሷ ብቻ ወጣን።

መንገድ ላይ ማኪናዋ በራሷ መፍጠን ጀመረች።

ፀደንያ እግሯን አነሳች። ነዳጅ መስጫው ግን አልተነሳም... እንደተረገጠ ቀረ።

ልጄ ቆፍጣና ናት። ማርሹን ዜሮ አደረገች፣ ፍሬን ያዘች፣ ዳር አስይዛ ሞተሩን አጠፋች። እኔ ሥላሴን እየጠራሁ ነበር።

ፀደንያ ደውላ፣ አያ ንብረት የሚባሉ መካኒክ ከአምባ ጊዮርጊስ መጡ። ጎንበስ ብለው አዩና ሳቁ። ነዳጅ መስጫው አጎዛ ውስጥ ተቀርቅሯል። አጎዛውን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ፤ የወገራ ብርድ የልጄን እግር እንዳይነካው ብዬ።

«ምነው እቴ፣ ማኪናን እንደ መነኩሴ አጎዛ ላይ ታስተኛለሽ?» አሉኝ።

አፈርኩ። ልጄን በገዛ እጄ ልገድላት ነበር። አጎዛውን አንስቼ ወደ ኋላ ወረወርኩት።

ሞተሩ ሲነሳ ግን... ነዳጅ መስጫው እንደገና ያዘ።

አያ ንብረት መሳቃቸውን ተዉ። ሞተሩን አስጠፍተው የነዳጅ መስጫውን ሽቦ ዘይት ቀቡ፣ መልሶ የሚያነሳውን ሞላ በአዲስ ቀየሩ። በእጃቸው ሲጫኑት ቶሎ ተመልሶ ይነሳል። አሁን ሸጋ ነው አሉ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ነዳጅ መስጫው ቀስ ብሎ... ወደ ታች ወረደ።

«ፀደንያ... እግርሽን አንሽ» አልኳት በሹክሹክታ።

«እማ... እግሬ እኮ ውጭ ነው።»

እውነቷን ነው። በሩን ከፍታ ሁለቱንም እግሮቿን አስፋልቱ ላይ አሳርፋለች።

አያ ንብረት አማተቡ። ይህ የመካኒክ ሥራ አይደለም፣ ትታችሁ ሂዱ አሉ። ከፊታችን የሊማሊሞ ቁልቁለት እንዳለ አስታወሱን።

እኔ ግን ተናደድኩ። አንዷ ልጄ ይህችን ማኪና የገዛችው አራት ዓመት ልብስ ሰፍታ ነው። ሌላዋ ልጄ እየጠበቀችኝ ነው።

ተንበረከክኩና እጄን ነዳጅ መስጫው ላይ አድርጌ ጠርዙን ጨበጥኩ።

አንድ ነገር የእጄን ጀርባ ረገጠው።

ቀዝቃዛ ነው... ጫማ የለውም።

«አንሳ» አልኩት። «ልጆቼን ያሳደግኩት ላንተ አይደለም። እግርህን አንሳ።»

ተጫነኝ። እኔም ወደ ላይ ሳብኩ። ተጫነኝ... ሳብኩ...

ለቀቀ።

አያ ንብረት ከሩቅ ቆመው ሸኙን።

ሊማሊሞ ላይ ነዳጅ መስጫው አንድም ጊዜ አልያዘም። ፀደንያ ስትረግጠው ወረደ፣ ስትለቀው ተነሳ።

የመጨረሻው ጥምዝ ላይ ስንደርስ... በእኔ በኩል፣ ምንም የሚረገጥ ነገር በሌለበት፣ ቀዝቃዛ እግር መጥቶ ከእግሬ ጎን አረፈ።

ለፀደንያ አልነገርኳትም። እሷ መንገዱን ትይ።

እግሬንም አልሰበሰብኩም። አነሳሁና ባለኝ ጉልበት ረገጥኩት።

ከጫማዬ ሥር... ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ።