መነጽሩን የሚወለውለው ሰዓት ሠሪ

ሰዓት ሠሪው በቀኝ ዓይኑ የምትንሳፈፈውን ጥቁር ነጥብ መጀመሪያ በአቧራ አሳበበ። ማጉያ መነጽሩን አውልቆ ወለወለ፤ አልጠፋችም። መስታወቱን ቀየረ፤ ጭራሽ እህት ወንድሞቿን አስከትላ መጣች። ዕድሜውን ሙሉ የዕቃ ብልሽት ሲፈልግ የኖረ ሰው ራሱን መጠርጠር ከየት ይልመድ!

ታላቅ እህቱ ኩላሊቷን ከሰጠችው ወዲህ ጉንጩ ሞልቷል። ሰውነቱ ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳይገፋው፣ የመከላከል አቅሙን የሚያዳክም መድኃኒት ሳያዛንፍ ይውጣል። የታዘዘለትን የደም ምርመራ ግን ትቶታል።

«ተመርመር አላሉህም እንዴ?» ትለዋለች እህቱ ሱቁ ብቅ ባለች ቁጥር።

«አንቺን ይንሳኝ እትዬ፣ ምንም አይሰማኝም! ደህናን ሰው በመርፌ መውጋት ምን ይሉታል?»

ስለ ነጥቧ አልነገራትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ከራሱ የደበቀማ ይብስበታል።

አንድ ጠዋት ግራ ዓይኑን ጨፍኖ የእጅ ሰዓት ሊፈታ ሲል ጠረጴዛው ድርግም ብሎ ጠፋበት። ክው አለ። እህቱን ጠርቶ ሐኪም ቤት ሄዱ።

ሐኪሟ ዓይኑን አይታ፣ የደሙንም ውጤት ተቀብላ ተመለሰች።

«ዓይንህን የጎዳው ቫይረስ አዲስ እንግዳ አይደለም» አለችው። «በብዙ ጤነኛ ሰው ውስጥ ዕድሜ ልክ ተደብቆ ይኖራል፤ መከላከያው ሲደክም ግን በደም ውስጥ ይራባል። የዘለልከው የደም ምርመራ ምንም ሳይሰማህ በፊት ይህንኑ ያሳየን ነበር።»

«ዓይኔስ?»

«የቀኙ አይመለስም። ግራውን ለማትረፍ እንሞክራለን። ለዚህም የኩላሊቱን መድኃኒት መቀነስ አለብን። ያን ጊዜ ደግሞ ኩላሊቱም ያሰጋናል።»

እህቱ ጎኗን በእጇ ያዘች።

«እትዬ፣ ምን አደረግኩሽ!» አለ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«እኔ ጎኔን ሰጠሁህ» አለች፤ «ካንተ የተፈለገው ክንድህ ብቻ ነበር።»

ወገኖቼ፣ «አይሰማኝም» ብላችሁ ምርመራ አትዝለሉ። የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው በደሙ ውስጥ የሚነሳበትን ጠላት በስሜት አያውቀውም።

ሰዓት ሠሪው ዛሬ ዛሬ ነርሷ ሳትጠራው እጅጌውን ሰብስቦ ይቀመጣል። ግራ ዓይኑ ይትረፍ አይትረፍ ገና አልታወቀም፤ ጭጋግ ለብሷል። አንድ ቀን በሐኪም ቤቱ ግድግዳ ላይ ወዳለው ሰዓት አንጋጠጠ፤ ዓይኑን አጠበበ፤ መነጽሩን አውልቆ ወለወለ፤ እንደገና አየ።

ከዚያ አጠገቡ ወደ ተቀመጠችው እህቱ ጠጋ አለ።

«እትዬ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»