በሁዳዴ የተመዘነው እንቁላል

«ዮኤል፣ ሽሮፕ ውስጥ የነከርከው እንቁላል ወፈረ ነው የምትለኝ?»

«የስ። ዘጠና ግራም።» በስልኩ ስክሪን ላይ የዮኤል አገጭ ብቻ ይታያል። አንድ ዓመት ሙሉ በካሜራ ተምሮም ፊቱን መሐል ማድረግ አልለመደም።

ሮሃ ላፕቶፗን ወደ ራሷ ሳበች። ዓርብ ከሰዓት ነው፤ የባዮሎጂ ሪፖርታቸው የሚገባበት ሰዓት ሊደርስ አርባ ደቂቃ ቀርቶታል። ከዘገየ አሥር ነጥብ ይቀነሳል። አሥር ነጥብ ከተቀነሰ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ልትገባበት የቋመጠችለት የከፍተኛ ባዮሎጂ ክፍል አጠራጣሪ ይሆናል። በኮቪድ ምክንያት ትምህርቱ በቤት ስለሆነ ሙከራውም በየኩሽናው ነው፤ እሷ ድንች፣ እሱ እንቁላል ተከፋፍለዋል።

የእሷ ድንች አላሳፈራትም። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያደረው ቁራጭ እንደ እርሳስ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ጨው ውሃ ውስጥ ያደረው ግን እጇ ላይ ተልፈሰፈሰ። ምክንያቱን ታውቀዋለች፤ ውሃ ጨው ወይም ስኳር ወደ በዛበት ይሄዳል። የተክል ሕዋስ ጠንካራ ግድግዳ ስላለው ውሃ ሲገባበት ይወጠራል እንጂ አይፈነዳም። የእንስሳ ሕዋስ ያለው ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ ውሃ ሲገባበት ያብጣል፣ ሲበዛም ይፈነዳል፤ ውሃ ሲወጣበት ደግሞ ይጨማደዳል። በኮምጣጤ ቅርፊቱ የሟሟ እንቁላል ይህንን በዓይን ያሳያል። ስኳር የበዛበት ሽሮፕ ውስጥ ከገባ መክሳት አለበት። የዮኤል ግን ወፍሯል። ተራ ውሃ ውስጥ የገባው ደግሞ ከስቷል።

«ኮምጣጤው ውስጥ ስንት ቀን ቆየ?»

«ሁለት።»

«የት አስቀመጥከው?»

«ፍሪጅ ውስጥ ነዋ።»

ሮሃ ከላፕቶፗ ቀና አለች። የዮኤልን እናት ታውቃቸዋለች። እትዬ ንግሥት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ፍሪጃቸውን በሳሙና አጥበው፣ የተረፈውን ወተትና እንቁላል ለጎረቤት የሚያድሉ፣ ሱቅ መሐል ቆመው የብስኩት ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ ልጃቸውን የሚያስነብቡ ሴት ናቸው። ጾሙ ከገባ ደግሞ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።

«እናንተ ፍሪጅ ውስጥ እንቁላል አድሮ ቤቱ እስካሁን ጠበል አልተረጨም?»

አገጩ ጠፍቶ ጣሪያ ታየ።

«ኦኬ፣ ላይክ... እንቁላሉን እኔ ልውሰድ ያልኩት ጾሙ ሳይገባ ነው። ሁዳዴ እየደረሰ መሆኑን ረስቼ ነው። ማሚን ‹ለመብላት አይደለም፣ ኮምጣጤ ውስጥ ልነክረው ነው› ስላት ‹ይባስ ብለህ› አለችኝ። ከፋሲካ በኋላ አድርገው አለች።»

«ቁጥሮቹንስ ከየት አመጣሃቸው?»

«ገስ አደረግኩ፣ በግምት። ስኳር ያወፍራል ሲባል ሰምቼ ነው።»

ሮሃ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። ዮኤል ግን ተስፋ አልቆረጠም።

«ችግር የለም እኮ። ሁለቱን ቁጥሮች ስዊች አድርጊያቸው፤ ፐርፌክት ይሆናል። ማን ያውቃል?»

ቀያየረቻቸው። ሰንጠረዡ አማረ። ውሃ ውስጥ ዘጠና፣ ሽሮፕ ውስጥ ሃምሳ ሁለት፤ ልክ መጽሐፉ እንደሚለው። ለመላክ አንድ ቁልፍ መንካት ብቻ ነበር የቀረው።

ከጎኑ የድንቹ ቁጥሮች ተደርድረዋል። ቁራጮቹን አራት ጊዜ መዝናቸዋለች፤ አንዱ አልገጥም ብሏት አንድ ሙሉ ከሰዓት አናዷታል። እንቁላሉን ግን ማንም አልነካውም።

ሁለቱን ቁጥሮች አጠፋቻቸው።

«ሄይ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ለመምህሯ እየጻፍኩ። እንቁላሉ አልተሠራም፣ ሰኞ እናስገባለን።»

«አሥሩ ነጥብስ? ክፍልሽስ?»

«በፋይናል አስመልሰዋለሁ።» አመላለሷ አስመልሳ የጨረሰች ያስመስላታል። «ኮምጣጤና ሽሮፕ ይዘህ ና። ብርጭቆዎቹን እኛ በረንዳ ላይ እናስቀምጣቸዋለን፤ የማንም ፍሪጅ አይረክስም። ማስክ አድርግ።»

«ማሚን ምን ልበላት?»

«የሆነውን።»

መልእክቱን ላከችው። ጃኬቷን ደርባ ጫማዋን እያሰረች፣ ሞርስ ሮድ በሚባለው መንገድ ላይ ያለው ሱቅ እንቁላል በግማሽ ደርዘን ይሸጥ እንደሆነ አሰበች። ቢሸጥም ሙሉውን ደርዘን ትገዛለች። የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለቱ መፈንዳታቸው አይቀርም።