ያልዞረው ጠረጴዛ

ቄስ ኦልደስ እሑድ ጠዋት በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ወለል ላይ ማጅራታቸውን ተመትተው ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው የአናጢው የጌድዮን መዶሻ ወድቋል። ንጉሡ ከምሥራቁ ግድግዳ ሥር በእንጨት አጥር ተከልሎ ይቁም ያለው የቁርባን ጠረጴዛም ከአጥሩ ወጥቶ መሐል ላይ ተገትሯል።

የአሟሟት መርማሪው አምብሮዝ ኬትል ሰኞ ሃርክሊ መንደር ሲደርስ ጌድዮን ታስሮ የቀረው የመስቀያው ገመድ ብቻ ነበር።

«ምኑ ይመረመራል?» አሉት የንጉሡ እንደራሴ ሰር ሮውላንድ። «አጥሩ ፊት አልንበረከክም ብሎ ዓመት ሙሉ ያስቸገረ ሰው ነው። ቄሱን ገደለ፣ ጠረጴዛውን ወደ ድሮ ቦታው መለሰ። እስከ ረቡዕ ጨርስልኝ።»

አምብሮዝ ደሙ ፈላ። ንጉሡ ፓርላማውን ከበተነ ወዲህ በሄደበት ሁሉ ከሬሳው ጋር ገዳዩም ተመርጦ ይጠብቀዋል።

ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የታዩት ሦስት ናቸው፦ ጌድዮን፣ ደወል ደዋዩ ሽማግሌ ቶባያስና ከሁለት ወር በፊት የመጣው ረዳት ቄስ ጃስፐር።

እስር ቤቱ በር ላይ የጌድዮን ሚስት ማርጀሪ የባሏን ካፖርት ታቅፋ ቆማለች። አምብሮዝ ዓይኗን ማየት ከብዶት አልፏት ገባ።

«መዶሻህ እዚያ ምን ይሠራል?»

«አግዳሚ እየጠገንኩ ነበር። ሰኞ እጨርሳለሁ ብዬ ትቼው ወጣሁ።»

«ቄሱን ትጠላቸው ነበር?»

«የምጠላው አጥሩን ነው። እሳቸውማ ልጆቼን ያጠመቁ ናቸው።»

«አንዴ ዝቅ ብትል ምን ይጎድልብሃል፣ አንተ ሰው?»

«ለእንጨት አልንበረከክም። እንጨቱንማ የላግኩት እኔው ነኝ!»

ቶባያስ ደግሞ ዙሪያውን ካየ በኋላ ነው የተናገረው። «ቄሱ ቅዳሜ ‹የማይንበረከኩትን ሰዎች ስም ለእንደራሴው አልሰጥም፤ ዝርዝሩን እቀደዋለሁ› አሉ። ጃስፐር ይህን ሲሰማ ፊቱ በርበሬ መሰለ።»

ጃስፐር ግን ረጋ ብሎ ነበር የሚመልሰው። ያደገው በከተማ፣ በታላቅ ካቴድራል ነው።

«ጠረጴዛው ድሮ የት ነበር የሚቆመው?» አለው አምብሮዝ።

«መሐል ላይ ነዋ! መንደሩ ሁሉ የሚነጫነጨው ለእሱ አይደል?»

አምብሮዝ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዶ የመሐሉን ወለል በእጁ ዳሰሰ። ድንጋዩ ላይ የጠረጴዛው እግሮች በዘመናት ብዛት የቦረቦሯቸው አራት ጉድጓዶች አሉ። ከጠረጴዛው እግሮች ግን አንዱም ጉድጓዱ ውስጥ አልነበረም።

ረቡዕ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበ። «ጌድዮን፣ ጠረጴዛውን እንደ ድሮው አቁመው» አለ።

ጌድዮንና ቶባያስ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ አዞሩት። እግሮቹ ጉድጓዳቸው ውስጥ ድም ብለው ገቡ። ከሕዝቡ መካከል አንዲት አሮጊት ማልቀስ ጀመሩ።

«አያችሁ?» አለ አምብሮዝ። «ጠባብ ጫፉ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ሰው ግራና ቀኝ ከቦት ይቆርባል። ገዳዩ ግን ረጅም ጎኑን ለሕዝቡ እንደሰጠ፣ ግድግዳው ሥር እንደነበረው ጎትቶ ተወው። የእነ ጌድዮን ሥራ እንዲመስል ፈልጎ ነበር። ድሮ እንዴት ይቆም እንደነበር ግን አላየም። ከሦስቱ ያላየው አንድ ነው።»

«መሐል መቆሙ አይበቃም?» አለ ጃስፐር፤ ድምፁ ቀጥኗል።

«ሰር ሮውላንድ፣ ቄሱ እቀደዋለሁ ያሉት ዝርዝር አልደረሰዎትም?»

«እሑድ ጠዋት ጃስፐር አመጣልኝ» አሉ እንደራሴው፤ ካሉ በኋላ ነው ያሉት የገባቸው።

«ቄሱ ዝርዝሩን ቀደው አጥሩንም ሊያፈርሱት ነበር!» ብሎ ጮኸ ጃስፐር። «ንጉሡ ሲቀጣቸው ከእሳቸው ጋር እኔም ልጠፋ?»

የእንደራሴው ወታደሮች ያዙት። ሰር ሮውላንድ ወደ ጌድዮን ጠቆሙ። «እሱንም ውሰዱት። የንጉሡን ትእዛዝ ዓይኔ እያየ ጥሷል።»

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ!» አለ አምብሮዝ።

«እንግዲያው መልሶ አጥሩ ውስጥ ያስገባውና ይንበርከክ። ይለቀቃል።»

አምብሮዝ የጌድዮንን ክንድ ጨበጠ። «በሞቴ! ሦስት ቀን የለፋሁት ለአንገትህ ነው።»

«አንገቴን አትርፈውልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ ጌድዮን። «መንበርከኩን ግን አልችልም።»

በማርጀሪ ፊት ይዘውት ወጡ። ካፖርቱን እንኳ ሳታቀብለው ቀረች።

«ቶባያስ! ጠረጴዛውን መልስ!» አሉ እንደራሴው።

«ወገቤን ያመኛል፣ ጌታዬ።»

ቀጥሎ ከሕዝቡ መካከል ዳቦ ጋጋሪውን አዘዙ፤ እሱም ወገቡን ያዘ። ከእሱ ቀጥሎ የቆመውም ያዘ። ሰር ሮውላንድ ተናደው ወደ አምብሮዝ ዞሩ። «እንግዲያው አንተ መልሰው!»

አምብሮዝ ሹመቱን አሰበ። ከዚያም በሁለት እጁ ወገቡን ደግፎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።