ልጆቹ ያልሠሩት የሒሳብ ፈተና

መምህርት መቅደላዊት ማንም በማይጠቀምበት የኋላ ደረጃ ሥር ወድቃ፣ ሞታ ተገኘች። ስልኳ አጠገቧ ነበር። ኢንስፔክተር ዳርቱ የካ ሚካኤል አጠገብ ካለው ከዚህ የግል ትምህርት ቤት ስትደርስ፣ ሬሳው ሳይቀበር ፍርዱ አልቆ ነበር። እንዲህ ያለ ችኮላ ያንገሸግሻታል።

«ታዴዎስ ነው» አሉ ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ አስካለች። «ትናንት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ለሰባተኛ ክፍል የኦንላይን የሒሳብ ፈተና ለቃለች። እስከዚያ በሕይወት ነበረች ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ግቢ ውስጥ የነበረው የኮምፒውተር ባለሙያው ብቻ ነው።»

«ኦንላይኑን ከእሷ ጋር ስላስገባሁ ሁሉም ይጠሉኛል» አለ ታዴዎስ፣ እጁ በካቴና እንደታሰረ።

ዳርቱ ሬሳውን ጠዋት ወዳገኙት አዛውንት የሒሳብ መምህር ወደ ዘረሰናይ ዞረች። «እርስዎስ?»

«ከአሥር ተኩል ጀምሮ ሲ.ኤም.ሲ ልጅ ሳስጠና ነበር፤ ቤተሰቡን ጠይቂ። ያንን የኦንላይን ጉድ ከፍቼም አላውቅ። ሒሳብ በጠመኔ ነው።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ዳርቱ ተማሪዎቹ ዘንድ ገባች። ሃይሚ የምትባል የሰባተኛ ክፍል ልጅ ተኮሳትራ ጠበቀቻት።

«ፈተናውን ሁላችንም ለጠዋት አሳድረነው ነበር፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስከፍተው ተዘግቷል። ሁላችንም ዜሮ።»

ከሰዓት በኋላ ዳርቱ ሦስቱንም በመምህራን ክፍል ሰበሰበች።

«ለተማሪዎቹ የተላከው መልእክት ፈተናው እስከ ጠዋቱ ሁለት ተኩል ክፍት ነው ይላል። ሲስተሙ ላይም 2፡30 ተብሎ ተሞልቷል። ሲስተሙ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው፤ 8፡30 መባል ነበረበት። ስለዚህ ሌሊት ልጆቹ ተኝተው ሳለ ተዘጋ። መቅደላዊት ሦስት ዓመት ስትፈትንበት ኖራለች፣ አትስተውም። ያስተማራት ታዴዎስ ነው። ወይዘሮ አስካለች ሪፖርቱን በየሳምንቱ ያዩበታል። ከፍቶት የማያውቅ አንድ ሰው አለ፤ እሱም ራሱ ነገረኝ።»

«ሲ.ኤም.ሲ ነበርኩ ብያለሁ» አሉ ዘረሰናይ።

«ነበሩ። ስልኳም አብሮዎት ነበር፤ የኔትወርኩ መረጃ እዚያው ያሳየዋል። ተማሪዎቹ እንደወጡ ከደረጃው ገፈተሯት፣ መቆለፊያ የሌለውን ስልኳን ወሰዱ። ፈተናውን አዘጋጅታ ጨርሳው ነበር፤ በሕይወት ያለች እንድትመስል ለእርስዎ የቀረው ሰዓቱን ሞልቶ መልቀቅ ነበር። ጠዋት ስልኩን መልሰው አስቀመጡና ጮኹ።»

በዘረሰናይ ፊት ላይ ጸጸት አልነበረም፣ ቁጣ እንጂ።

«ሠላሳ ዓመት አስተምሬ፣ ከእንግዲህ ቪዲዮ እየከፈቱ ልጆቹን ይጠብቁልኝ አለችኝ።»

ዳርቱ ካቴናውን ከታዴዎስ እጅ ፈትታ ለእሳቸው አጠለቀች። ታዴዎስ በሩ ላይ ጥቂት ቆሞ ወይዘሮ አስካለችን ጠበቀ። እሳቸው ግን ለሰባተኛ ክፍል ሌላ የሒሳብ መምህር ፍለጋ ስልክ እየደወሉ ነበር።